ቢጫ መንገድ አያስለቅቅም

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ዛሬ የጣሪያ መብራት ፈቃድ የሚጠይቁ ሰባት መኪና መረመርኩ። አራቱ አለፉ፣ ሦስቱ ተመለሱ። ከተመለሱት አንዱ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነው፤ ጣሪያው ላይ ቀይ የሚሽከረከር መብራት ገጥሞበታል። ለምን ብዬ ብጠይቀው ዳቦው ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስ ነው አለኝ፣ ኮስተር ብሎ። ፊቴ እንዲፈታው አደረግሁ። እንደ ሁልጊዜው በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኩት፤ ቀይ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ፣ ሰማያዊ ለፖሊስ፣ ቢጫ ለመንገድ ጠጋኝ፣ ለቆሻሻ መኪናና የተበላሸ መኪና ለሚጎትት። ቀይና ሰማያዊ "መንገድ ልቀቁ" ይላሉ። ቢጫ ግን "አለሁ፣ ተጠንቀቁ" ከማለት አያልፍም። ለቢጫ የሚለቅ ሰው ቢኖር በገዛ ደግነቱ ነው፣ ሕግ አያስገድደውም። ሰውየው መብራቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሲወጣ "ለራበው ሰው ዳቦም አምቡላንስ ነው" ብሎኝ ሄደ። ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ክሊኒክ ፋይል ተመልሶ መጣ። ጥቅምት 22 ቀይ መብራት የከለከልኩት ነጩ ቫን። ያኔ የኦክስጅኑ ጠርሙስ አልታሰረም፣ የቃሬዛው መቆለፊያ ተሰብሯል፣ ሹፌሩ የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነበት ወረቀት የለውም። ስለዚህ በቢጫ፣ ቀጠሮ ያላቸውን በሽተኞች ለማመላለስ ብቻ እንዲሠራ ፈቀድኩ። ልክ ነበርኩ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ግን ግቢው ሙሉ ሰው ባለበት "ሴትዮዋ ቀይ መብራት ስንት እንደምትሸጥ በጊዜ ብትነግረን ይሻል ነበር" አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። አሁን ሁሉንም አሟልቻለሁ፣ ይታይልኝ ይላል።

ይቆይ። መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ሩጫ። ከጧት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። እግሬ አብጧል። እህቴ ደውላ ሆዴን ይቆርጠኛል አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ አልኳት። "አንቺ ደግሞ ያየሽውን ሁሉ መመርመር ነው" አለችኝ። እሑድ ሄጄ አያታለሁ።

ኅዳር 16፣ ዓርብ

ሁላችንም በስሟ ሳይሆን በሥራዋ "መዝገብ ቤት" እያልን የምንጠራት ባልደረባዬ መጥታ፣ የክሊኒኩ ፋይል መታየት ያለበት አምስት የሥራ ቀን ዛሬ ይሞላል አለችኝ። አልደረስኩበትም አልኳት።

ደርሼበት ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሥራ አልነበረኝም። ጥፍሬን ቆረጥኩ።

ኅዳር 18፣ እሑድ

እህቴ ቤት ዋልኩ። ሶፋው ላይ ትራስ ሆዷ ላይ አድርጋ ተጋድማ አገኘኋት። ፊቷ ገርጥቷል። እንዲህ ብላት "ዱቄት መስያለሁ?" ብላ ልጆቹን አሳቀች። በዘጠኝ ዓመት እበልጣታለሁ፤ እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ ግን በልጅነቷም ቢሆን ተቆጥቻት ሳትስቅብኝ ቀርታ አታውቅም።

ባሏ አናጺ ነው፤ ከቤቱ ጋር የተያያዘች ትንሽ የሥራ ቤት አለችው። ለአንድ ደንበኛ የሠራው በር አጥሮ ተመልሶበታል። "የኔ ባል ሦስቴ ይለካል፣ አንዴ ያሳጥራል" አለች፣ እሱ እየሰማ። እሱም መጋዙን እንደያዘ በመስኮት ብቅ ብሎ "ያገባሁሽ ቀንም ሦስቴ ለክቼ ነበር" አላት። ቁመቷ አጭር ነው።

ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለኝ ነገርኳት። ስለ ፋይሉ አልነገርኳትም። "ተሳደበ እንጂ አልነከሰሽ፣ እትዬ። አንቺ እኮ ቂም እንደ ዕቃ ታስቀምጫለሽ። እርሺው" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስወጣ እስከ በር መሸኘት አልቻለችም። እጇን ብቻ አወዛወዘችልኝ።

ኅዳር 21፣ ረቡዕ

የቆሻሻ መኪኖች ቀን። አሥራ አንድ፣ ሁሉም ቢጫ። የሁለቱ ሽፋን ተሰነጣጥቋል፣ ይቀይሩ ብያለሁ። መዝገብ ቤት እንደገና ጠየቀችኝ። ዓርብ አየዋለሁ አልኳት።

ኅዳር 25፣ እሑድ

እህቴ ሐሙስ ሞተች። ዓርብ ቀበርናት።

ሆዷ ውስጥ ደም ፈሷል። ከማኅፀን ውጪ አርግዛ ኖሯል፤ እሷም አላወቀችም። ሰፈራቸው ካለው ክሊኒክ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሲወስዷት መንገድ ላይ ራሷን ሳተች። ሆስፒታሉ በር ላይ ትንፋሽ ነበራት። ማዋለጃውን አልፈው ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲያደርሷት አልነበራትም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

አላለቀስኩም። ሰው ያየኛል። አንዲት ጎረቤት ለሌላዋ "ደረቅ ናት፣ የቢሮ ሰው" ስትል ሰማሁ። ጫማዬ ጠቦኝ ነበር። ከቀብሩ በደንብ የማስታውሰው እሱን ነው፣ የግራው እግር።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

ቤታቸው በሰው እንደተሞላ ነው። ከየጎረቤቱ የመጡ ወንበሮች፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል። ሻይ ሳቀርብ ዋልኩ። እጅ ሥራ ሲይዝ ደህና ነው።

የእህቴ ባል ዛሬ አፉን ፈታ። ሐሙስ ዕለት በር ሊገጥም ሌላ ሰፈር ሄዶ ነበር። ሲደውሉለት በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ፣ ከእሷም ቀድሞ ደረሰ። በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጠበቀ። መኪናው ከድልድዩ አጠገብ ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። እዚያ ሱቅ ያለው ሰውዬ አይቷል፤ የትራፊኩ ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ በርቶ መኪናው ሦስት ጊዜ ቆመ ይላል። ከፊት ያሉት መኪኖች ዞር ብለው አዩት፣ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ቢጫ መሆኑን አይተው ፊታቸውን መለሱ። ሹፌሩም ዝም ብሎ ተራውን ጠበቀ። አሥራ ሰባት ደቂቃ። ሐኪሙ ለእህቴ ባል "ሩብ ሰዓት ቀድማ ብትደርስ…" ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም።

ከተቀመጡት አንዱ "ታዲያ ሹፌሩ አይደል የገደላት" አለ። ሌሎቹም አዎ አሉ። አንድ ሽማግሌ ነፍስ የጫነ ሰው እንዴት መብራት ያከብራል ብለው ጠየቁ።

የየትኛው ክሊኒክ መኪና እንደሆነ ጠየቅሁ። ነገረኝ።

ሻዩ አልቆ ነበር። ሌላ ጣድኩ።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

ሥራ ገባሁ። እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ። ኃላፊዬ ለምን ሳምንቱን አታርፊም አለኝ። ቤት ምን ልሠራ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ነጩን ቫን አስጠራሁና ግቢ ውስጥ አየሁት። ሌላ ሹፌር ነው ያመጣው። ኦክስጅኑ በሁለት ቀበቶ ታስሯል። የቃሬዛው መቆለፊያ አዲስ ነው። የሹፌሩ የሥልጠና ወረቀት አለ፤ በዚያ ሐሙስ በነዳው ሹፌር ስም፣ ኅዳር 6 የተሰጠ። ቃሬዛው ታጥቧል። እጄን አሳረፍኩበት፣ ጠንካራ መሆኑን ለማየት። ይህ የምርመራው አካል ነው።

አንድም የጎደለ ነገር የለም። ኅዳር 9 ባየውም አይጎድልም ነበር። ለቀይ ፈቃድ ማኅተም መታሁ፣ የመለያ ቁጥሩን መስታወቱ ጥግ ላይ ለጠፍኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

መዝገብ ቤት ፋይሉን ስትቀበለኝ ቀኑን አየች፣ እኔን አየች።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

የእህቴ ባል ቤቴ መጣ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዞ። ሹፌሩን ሊከስ ነው። የኛ መሥሪያ ቤት አጣሪ ኮሚቴ አለው፤ የመንጃ ፈቃዱን ያስነጥቅለታል፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። "እትዬ፣ አንቺ የቢሮ ቋንቋ ታውቂያለሽ። እኔ ብጽፈው የአናጺ ነው የሚሆነው" አለኝ።

ጻፍኩለት። አንድ ገጽ ተኩል። "አሽከርካሪው የበሽተኛዋን አጣዳፊ ሁኔታ እያወቀ በቸልተኝነት በመቆሙ" ብዬ ጻፍኩ። ቸልተኝነት የሚለውን ቃል እሱ አልነገረኝም፣ ከእኔ ነው የመጣው። ወዲያው መጣልኝ፣ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ የነበረ ነው የሚመስለው።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛው ላይ አለቀሰ። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ አለኝ። በር ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ ሳህኖቹን አጠብኩ፤ ንጹሕ ነበሩ።

ታኅሣሥ 11፣ ማክሰኞ

ሹፌሩ ከሥራ ታግዷል። ኮሚቴው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀጥሯል። ዘመድ ስለሆንኩ ኮሚቴው ውስጥ አልቀመጥም፤ ግን ስለ መብራቶቹ የሙያ ማብራሪያ እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ሌላ የሚያውቅ የለም።

ኃላፊው ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። ፋይሉን አይቶታል። ክሊኒኩ በማመላለሻ ፈቃድ ድንገተኛ በሽተኛ መጫኑ ራሱ ጥፋት ነው፣ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ የፈቃዱን ነገር ካነሳ ራሱን ያነሳል አለኝ። ለዚህም ነው ነገሩን ሁሉ ሹፌሩ ላይ የሚጥለው። "እሱ አያነሳም፣ እኛም አናነሳም። አንቺ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።" ክፉ ሰው አይደለም። ጡረታዬን እያሰበልኝ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ በሩን ከፈተልኝ።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ጠረጴዛዬ አጠገብ ወረቀት እያስተካከለች፣ ሳታየኝ፣ የኅዳር 9ኙን የመግቢያ ቀን ደብተሬ ላይ በእርሳስ ነው የጻፍኩት፣ እስክሪብቶዬ አልቆ ነበር አለችኝ። ከዚያም ላጲስ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። ረስታው ነው ማለትም ይቻላል።

እነሱ ሁሉ ደግ ናቸው። ይህን ስጽፍ ምንም አይሰማኝም። ያስፈራል ወይስ አያስፈራም፣ እሱንም አላውቅም።

ታኅሣሥ 16፣ እሑድ

የልጆቹን ልብስ ላጥብ ሄድኩ። የእህቴ ካፖርት አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አልነካሁትም።

ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው። ልብስ ሳጣጥፍ ካልሲዎቹን እያጣመደች ስታግዘኝ ቆይታ፣ እማዬን የወሰዳት መኪና መብራቱ ምን ዓይነት ነበር አለችኝ። ቢጫ አልኳት።

"ቢጫ የቆሻሻ መኪና አይደል?"

ለቆሻሻ መኪናም ይሆናል አልኳት። እሺ ብላ ካልሲዋን ቀጠለች። አንዷ ካልሲ ጓደኛ አልነበራትም፤ አልጋው ሥር ገብታ ስትፈልግ ቆየች።

ስመለስ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ከኋላ ሳይረን ተሰማ። ሹፌራችን ሳያስበው ዳር ያዘ፣ ፊታችን ያለው ታክሲ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣ፣ መንገዱ እንደ ጨርቅ ለሁለት ተቀደደ። ነጭ ቫን በቀይ መብራት አለፈ። የመስታወቱ ጥግ ላይ የለጠፍኩት ቁጥር አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። ሁሉም ነገር ሦስት ሴኮንድ ነው የፈጀው። ቀይ ማለት ይህ ነው።

ላጲሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም። ልመልስላት ይሆናል።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

እንዳይረሳኝ ሁሉንም ልጻፍ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት። በአንድ በኩል የእህቴ ባልና ወንድሙ፣ በሌላ በኩል ሥራ አስኪያጁና ሹፌሩ፤ በመካከላቸው ባዶ ወንበር ትተው። ሹፌሩን ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ሃምሳ ያለፈው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ የያዘ ሰው። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል አሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይገጭ።

ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ተናገረ። የሰው ሕይወት ከመብራት እንደሚበልጥ ማንም ሹፌር ያውቃል፣ ይህ ሰው ግን በራሱ ፍርሃት ቆመ፣ ክሊኒኩም አዝኗል አለ። መኪናው ውስጥ ከእህቴ ጋር የነበረችው ነርስ ተጠየቀች። መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ሆስፒታሉ ደም እንዲያዘጋጅ በስልክ እየጮኸች ነበር፣ የፊቱን አላየችም፣ የሰማችውም የለም።

ሹፌሩ ተነሥ ሲሉት ቆቡ ወደቀ። አነሣው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰብሳቢው ሁለቴ ድገም አሉት። "ቢጫ ነበርኩ። ቢጫ መንገድ አያስለቅቅም። ከጎን የሚመጣው እንደሚያሳልፈኝ እያሰበ አይደለም የሚመጣው። ብጥስ ሌላ ሰው እገጫለሁ፣ እሷንም አላደርስም ብዬ ቆምኩ።" ሌላ የምትጨምረው አለ ሲሉት የእህቴን ባል አየ። ከዚያ "የለኝም" አለ።

የእህቴ ባል ከንፈሩን ነክሶ ያየዋል።

እኔን ጠሩኝ። ስለ ቀለማቱ አስረዳሁ። ስንት ጊዜ ያልኩትን ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ሰብሳቢው ሹፌሩ በቢጫ መብራት የትራፊክ መብራት መጣስ ይችል ነበር ወይ አሉኝ። አይችልም አልኩ። ታዲያ ለምን ቢጫ ተደረገ አሉ። ጥቅምት 22 ጉድለት ስለነበረበት ቀይ ከልክያለሁ አልኩ፤ ጉድለቶቹን ዘረዘርኩ። ሰብሳቢው አመሰገኑኝ። ሊያስቀምጡኝ እጃቸውን ዘረጉ። ኃላፊው ከጥግ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ በቃ ማለቱ ነው።

መቀመጥ ነበረብኝ። እግሬ አልታጠፈም። ድፍረት እንዳይመስል፤ ድፍረት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ይህ እሱ አይደለም። አፌ ብቻ ቀጠለ።

"ክሊኒኩ ጉድለቱን አሟልቶ ኅዳር 9 አመልክቷል። በአምስት ቀን ውስጥ ማየት ነበረብኝ። ፋይሉን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ እስከ ታኅሣሥ 3 አላየሁትም። ብመረምረው ኖሮ መኪናው ሐሙስ ዕለት ቀይ ነበር።"

መዝገብ ቤት ደብተሯን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሰብሳቢው ደብተሩን አስመጡና አዩ። ቀኑ እንዳለ ነው፣ በእርሳስ።

መጀመሪያ የተናገረው የእህቴ ባል ነው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

"እትዬ፣ ለምን?"

ሥራ በዝቶብኝ ነው ማለት እችል ነበር። ሁሉም ያምነኝ ነበር፣ እሱም። ሥራ አስኪያጁን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል።

"ስለሰደበኝ" አልኩ።

የእህቴ ባል አጎነበሰ። በእጁ ጉልበቱን ይዞ፣ ሳንቃ ሊለካ እንዳጎነበሰ ሰው። ወንድሙ ትከሻውን ይዞ አወጣው። ሹፌሩ እኔን እያየኝ ነበር፤ አስተያየቱ የቁጣም የምስጋናም አይደለም። ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። አሁን ስጽፍ አምስት ሰዓት ሆኗል።

ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ

ውሳኔ ወጣ። ሹፌሩ ነጻ ነው፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ክሊኒኩ ለሦስት ወር ድንገተኛ በሽተኛ እንዳይጭን ታግዷል። እኔ ከምርመራ ተነሥቼ ምድር ቤት ወዳለው የድሮ ሰነዶች ክፍል ወርጃለሁ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል። ኃላፊው ሲያስፈርመኝ አላየኝም። "ራስሽን በራስሽ" ብቻ አለ።

ምድር ቤቱ ደረቅ ነው። መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው።

የእህቴ ባል ወንድሙን ልኮ የቤታቸውን ቁልፍ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ አልኩት። ደህና ናቸው አለ፣ ለባዕድ ሰው እንደሚባለው። እሑድ የት እንደምውል አላውቅም።

ጥር 4፣ ሐሙስ

ስደውል አያነሳም። አልፈርድበትም።

የ1ኛ ፎቅ ሰዎች ሲያዩኝ ወሬ ያቆማሉ። መዝገብ ቤት ብቻ በምሳ ሰዓት ትወርዳለች። ላጲሷን መለስኩላት። ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። ምሳዬን እንደማልጨርስ አይታ ግማሹን ትበላልኛለች።

ጥር 8፣ ሰኞ

ሹፌሩ መጣ። ምድር ቤት ድረስ ወርዶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ፣ ምንም አላደረግሁልዎትም፣ ያስከሰስኩዎትም እኔ ነኝ፣ ክሱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። "ጽሕፈቱ የተማረ ሰው ነው።" ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

ኮሚቴው ፊት ያልተናገርኩት ነገር አለኝ አለ።

መስቀለኛው ላይ ሁለተኛው ቀይ ሲበራ ሊጥስ ነበር። እግሩን ከፍሬን አንሥቷል። ነርሷ በስልክ ትጮኻለች። እህቴ ግን ነቅታ ነበር፣ ለምን ቆምን ብላ ጠየቀችው። ቢጫ ስለሆንን ነው፣ ግን አሁን ልጥሰው ነው አላት።

የሚቀጥለውን እንዳለ ልጻፈው፤ እሱም እንዳለ ነው የነገረኝ።

"ሳቀች። እንዲያ ሆና ሳቀች፣ እመቤቴ። ‘እህቴ እኮ የእነዚህ መብራቶች ዳኛ ናት። ብትጥስ ከሐኪሙ በፊት እሷ ነች የምትቀጣን’ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ቀልዱን ትታ ‘ተው፣ የሰው ልጅ እንዳትገጭ፤ እኔ እችላለሁ’ አለች። እግሬን መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ስጠራት አልመለሰችልኝም።"

ለምን ለኮሚቴው አልተናገሩም አልኩት። ይህን ቢናገር ያኔውኑ ነጻ ይወጣ ነበር።

"ሞታ በእሷ ላላክክ?" አለኝ። "ባልየው ፊቴ ተቀምጧል።" ቆቡን አደረገ። እርስዎ ግን ሊያውቁት የሚገባ መስሎኝ ነው ብሎ ወጣ። ጫማው በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የወጣኝ ሳቅ ነው። የመብራቶች ዳኛ። ድምፄ ምድር ቤቱን ሞላው። ከዚያ መዝገብ ቤት በደረጃው እየሮጠች ወረደች፣ ስለዚህ ሳቅ ሆኖ አልቀረም ማለት ነው።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

የሥራ ቤቱ በር ክፍት ነበር። የእህቴ ባል ሳንቃ ይልጋል። ጥላዬን አይቶ ቀና አለና አጎንብሶ መላጉን ቀጠለ። ሂጂ አላለኝም። ግቢም አላለኝም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ልለምንህ አልመጣሁም፣ የእሷ የሆነ ነገር አለኝና ልሰጥህ ነው የመጣሁት አልኩት።

ሹፌሩ የነገረኝን ነገርኩት። እየላገ ሰማ። "እኔ እችላለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ እጁ ቆመ።

"ሳቀች አለሽ?"

"ሳቀች አለኝ።"

ፍቅፋቂውን ከሳንቃው ላይ በመዳፉ ጠረገ። ጠርጎም ጨርሶ መጥረጉን ቀጠለ። "እሷ ናት" አለ። "ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲህ አይልም።" ከዚያ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ፣ አፉን በክንዱ ሸፍኖ። እኔ ቆምኩ። ምሕረት አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልሰጠኝም። ሊሰጠኝ የሚችል መሆኑንም አላውቅም።

ብዙ ቆይቶ ዓይኑን በእጅጌው አበሰ።

"አንዴ ድገሚልኝ" አለኝ።

ደገምኩለት። ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ሦስተኛ እየነገርኩት ሳለ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጡ፤ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ በሩ ላይ አንዴ እኔን አንዴ አባታቸውን እያዩ ቆሙ። እኔም ንግግሬን አቋረጥኩ።

"አክስታችሁ ቆማ ነው ያለችው" አላቸው። "ወንበር አምጡላት።"